ከደጋ እስከ ገዳሪፍ፦ ለእርሻ ሠራተኞች የደኅንነት ትምህርት አዘገጃጀት

ለእርሻ ሠራተኛ የሚሰጥ የደኅንነት ትምህርት ዓላማው ሠራተኛው በወጣበት ጤና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በሱዳኑ ገዳሪፍ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህ ባለው የመተማ፣ የቋራ፣ የአብደራፊና የሑመራ ቆላ ይህን ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ከሌላው አካባቢ የተለየ ሁኔታ ይገጥመዋል። ተማሪው በአንድ መንደር ተቀምጦ የሚያርስ ገበሬ አይደለም። አብዛኛው ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ወይም ከትግራይ ደጋ ለጥቂት ወራት የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። ከእርሱ ጎን ሳሉግ የሚባለው፣ ቆላውን ለምዶ ዓመቱን እዚያው የሚከርም ሠራተኛ አለ። በገዳሪፍ በኩል ደግሞ ከሌሎች የሱዳን ክፍሎችና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ሠራተኞች፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች የሚኖሩ ስደተኞች በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ።

እርሻውም ትንሽ አይደለም። በገዳሪፍ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በገደምባልያ፣ ለሠራዊቱ ማሽላ ለማምረት ነበር። ዛሬ ማሽላና ሰሊጥ በሚሊዮን በሚቆጠር ፈዳን (የሱዳን የመሬት መለኪያ) ላይ ይዘራል። ማረሱና መዝራቱ በትራክተር ቢሆንም አረሙ፣ አጨዳውና መከመሩ አሁንም በአብዛኛው የሰው ጉልበት ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ ሰው ከሐኪም፣ ከመንገድና ከንጹሕ ውኃ ርቆ ሜዳ ላይ ይሰፍራል። ትምህርቱ የሚሳካው ይህን ሰው ተከትሎ ከመነሻው እስከ መመለሻው አብሮት ሲጓዝ፣ በየሳምንቱም እጁ ላይ ስላለው ሥራ ሲናገር ነው።

የሥራውን ዓመት መዘርዘር

በቅድሚያ ከካቦዎች (ከሠራተኛ አለቆች) እና ከነባር ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ የዓመቱ ሥራ በየወሩ ይዘረዘራል። በግንቦትና በሰኔ መሬቱ ይመነጠራል፣ ይታረሳል፣ ዘር ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሰሊጥ ይታጨዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ማሽላ ይቆረጣል፣ ይወቃል፣ ይጫናል። በእያንዳንዱ ወር ትይዩ ሰው የሚጎዳበት ነገር ይጻፋል፤ በምንጠራ ጊዜ ጊንጥና መጥረቢያ፣ በአረም ጊዜ ወባና የሚረጭ ኬሚካል፣ በአጨዳ ጊዜ እባብና ማጭድ፣ በውቂያ ጊዜ ማሽንና አቧራ።

ዝርዝሩ ቢሮ ውስጥ ብቻ ከተዘጋጀ ይጎድላል። ባለሙያ ስለ ኬሚካል ሲያስብ ሠራተኛው በጭነት መኪና ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ጫፍ ተቀምጦ ስለሚያድርበት ጉዞ ያስባል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለፈው ዓመት በካምፑ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቆሰለ፣ ማንስ እንዳልተመለሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው መልስ ከማንኛውም የተዘጋጀ የሥልጠና ጥራዝ ይልቅ ለቦታው ይቀርባል።

ከባለእርሻው መጀመር

ብዙ ፕሮግራሞች የሚወድቁት ሠራተኛውን ብቻ ስለሚያስተምሩ ነው። ቀን በቀን ተከፍሎት የሚያድር ሰው ጓንት፣ ቦቲ ጫማና አጎበር ከየትም አያመጣም። የሌለውን ነገር ተጠቀም ብሎ ማስተማር ደግሞ ጥፋቱን በተጎጂው ላይ መጫን ነው። ስለዚህ ከሠራተኞች በፊት ባለሀብቱን፣ ወኪሉንና ካቦውን ማነጋገር ግድ ነው። ውይይቱ በቁርጥ ነገሮች ላይ ይሁን፦ በማሳው ላይ ለስንት ሰው ስንት በርሜል የመጠጥ ውኃ ይቀርባል? ጥላ የት ይተከላል? ለረጪዎች ምን ይገዛል? የታመመ ሰው በምን ይጓዛል? ወጪውን ማን ይሸፍናል?

በኢትዮጵያ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን አደጋ እንዲያሳውቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዝዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም ለአደገኛ ሥራ፣ ለምሳሌ ለርጭት፣ አይሰማራም። በሱዳን የ1997 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ሕግ ከእርሻ ማሽን ነጂዎችና ጠጋኞች፣ ከማቀነባበሪያና ከአስተዳደር ሠራተኞች በቀር አብዛኛውን የእርሻ ሠራተኛ ከሽፋኑ ውጪ አድርጎታል። በመሆኑም በገዳሪፍ በኩል ስምምነቱ ከካቦው ጋር በግልጽ፣ ከሥራው በፊትና ምስክር ባለበት መደረግ ይኖርበታል።

ባለእርሻው ለምን ወጪ ያወጣል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በሰሊጡ ላይ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚረግፍ የሚታጨድበት ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ሳምንት ሰው በወባ ወይም በተቅማጥ ከተኛ ምርቱ መሬት ላይ ይቀራል። ይህን ስሌት ባለሀብቶች በፍጥነት ይረዳሉ።

አስተማሪዎችን መምረጥ

ለዚህ ትምህርት ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ ብቻውን አይበቃም። የሚሻለው ከየካምፑ ሁለት ወይም ሦስት ሰው መርጦ አስቀድሞ ማሠልጠን ነው፤ አንደኛው ካቦ፣ ሁለተኛው ብዙ ክረምት ያሳለፈ ሠራተኛ፣ ሦስተኛዋ ምግብ አብሳይዋ ብትሆን ይመረጣል። አብሳይዋ ውኃውን የምትቀዳ፣ የምታፈላና የምታከፋፍል ስለሆነች ተቅማጥን የመከላከሉ ሥራ ግማሹ በእጇ ነው። ማን ከምግብ እንደቀረ፣ ማን ትኩሳት እንደያዘው ቀድማ የምታየውም እርሷ ናት።

ቋንቋም ይታሰብበታል። በአንድ ካምፕ አማርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ አብረው ይነገራሉ። ንግግሩ በእያንዳንዱ ቋንቋ በሚያውቀው ሰው ይደረጋል እንጂ በአስተርጓሚ ተጎትቶ አይረዝምም። ብዙዎች ስለማያነቡ ጽሑፍ ከማደል ይልቅ ዕቃውን ራሱን ይዞ ማሳየት ይሻላል፦ የኬሚካሉን ጠርሙስ፣ አጎበሩን፣ ቃሬዛውን። ትምህርቱ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ ጊዜውም ጠዋት ወደ ማሳ ከመውጣት በፊት ወይም ማታ ከራት በኋላ ነው። በሥራ ሰዓት ከተደረገ የቀኑ ክፍያ እንዳይቀነስ አስቀድሞ ስምምነት ያሻል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ድንበሩን ያለ ወረቀት የተሻገረ ሠራተኛ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ካየ ይሸሻል፣ ሲታመምም ይደበቃል። አስተማሪዎች ከፖሊስና ከኢሚግሬሽን ሰዎች ጋር አብረው መምጣት የለባቸውም፤ የተማሪ ስም መመዝገብም አያስፈልግም።

ከቤት ከመውጣት በፊት

የመጀመሪያው ትምህርት በደጋው፣ በሰኔ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሰጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ለዚህ ይመቻሉ። በዚህ ጊዜ የሚነገረው ጥቂት ነው፦ ሁለት ሁለት ሰዎች ተማምለው አብረው እንዲወርዱና አንዱ የሌላውን ቤተሰብ ስልክ እንዲይዝ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና የተሸፈነ ጫማ እንዲያዝ፣ አጎበር ያለው ይዞ እንዲሄድ፣ ማንም በደላላ ቃል ብቻ የማይታወቅ እርሻ እንዳይገባ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ሰው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቢከተብ ማጭድ ለሚይዝበት ወር ይጠቅመዋል።

መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውኃና አብደራፊ ሠራተኛው የሚሰበሰብባቸው ከተሞች ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ድንኳን ተክሎ ስለ ጉዞ ማስተማር የሚቻለው እዚህ ነው። በጭነት መኪና ላይ ጆንያ ተደራርቦ ከጎኑ ግድግዳ በላይ መቀመጥ፣ በትራክተር ተጎታች ጋሪ ወይም በማረሻው ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ የየዓመቱ የሞት ምክንያት ነው። በሹፌሩ ላይ መናገር ለሠራተኛው ይከብደዋልና ይህ ትምህርት ለሹፌሮችም ለብቻ ይሰጣል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሑመራ አካባቢና በድንበሩ ላይ ባለው አል ፋሻጋ ውጊያ በመካሄዱ ያልፈነዳ ተተኳሽ በማሳ ላይ ሊገኝ ይችላል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ አይነካም፣ አይወረወርም፣ እሳት አይነድበትም፤ ባሉበት ቆሞ በመጡበት ዱካ መመለስ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጎ ማሳወቅ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሙቀትና ውኃ

ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ካለ ደጋ ወደ ስድስት ወይም ሰባት መቶ ሜትር ከፍታ የወረደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። በሙቀት የሚሞቱ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያሉ አዲሶች ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው የሙቀት ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ እንዲሠራ፣ በየቀኑም አንድ አምስተኛ እየተጨመረለት እንዲሄድ ይመክራል። በገዳሪፍ ሜዳ ይህ እንዳለ ባይሆን እንኳ አዲስ የወረዱ ሠራተኞች ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከረፋዱ በኋላ ከፀሐይ እንዲወጡ ከካቦው ጋር መስማማት ይቻላል።

አስቸጋሪው ነገር ክፍያው ነው። አረምም ሆነ አጨዳ በኮንትራት፣ በተሠራው መሬት መጠን ሲከፈል ዕረፍት ማለት የገንዘብ ኪሳራ ነው። ዕረፍት አድርጉ ብሎ መምከር ለዚህ ሰው አይጠቅመውም። የሚሠራው መንገድ ሰዓቱን ማዛወር ነው፦ ገና ሳይነጋ መጀመር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር መዋል፣ ከዚያ እስኪመሽ መሥራት። የተሠራው መሬት መጠን ብዙም አይቀንስም፤ ሰውም አይወድቅም።

ውኃ የሚጠጣው ጥማት ሲመጣ ሳይሆን በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ነው። ለዚህ ጄሪካኑ ከሠልፉ ጋር መሄድ አለበት፤ ካምፕ የቀረ ውኃ አይቆጠርም። ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም የአረሙ ወቅት ላይ ይውላል። ብዙ ሠራተኞች እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላ ውኃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ጾሙን የሚያናንቅ አስተማሪ ተማሪውን ያጣል። ጾመኞች የማለዳውን ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ፣ ቀሪውን ማታ እንዲጨርሱ መደራደር፣ ካህናት ስለ ድካምና ስለ ሕመም ምክር እንዲሰጡ መጠየቅ ያዋጣል። ለሙስሊም ሠራተኞችም በረመዳን እንዲሁ ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጡንቻ መኮማተርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰውየው ጥላ ውስጥ ገብቶ ውኃና ኦ.አር.ኤስ. ይጠጣል። የተዘጋጀ ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ፣ ይበጠበጣል። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የሚባክን ጊዜ የለም፤ ልብሱን አላልቶ ውኃ መላ ሰውነቱ ላይ ማፍሰስና ማራገብ፣ ወዲያውም ወደ ሕክምና መውሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

በገዳሪፍ ሀፊር የሚባሉት የተቆፈሩ ኩሬዎችና በድንበሩ ያሉት ወንዞች ሰውና ከብት በአንድ ላይ ይጠጡባቸዋል። በገዳሪፍ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ ታውጆ ነበር። ውኃ ማፍላት ማገዶ ይፈጃል፤ በትልቅ በርሜል በውኃ አጋር ወይም በሌላ ክሎሪን ማከም ለብዙ ሰው ይቀልላል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከውኃው በታች በኩል ይቆፈራል፤ ይህን የሚያስቆፍረው ሠራተኛው ከመድረሱ በፊት ባለእርሻው ነው።

የርጭት ወራት

በማሽላ ማሳ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት ቱ-ፎር-ዲ ይረጫል፤ ለተባይም እንደ ማላታዮን ያሉ ኬሚካሎች ይውላሉ። ዕቃዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚማረው የቀለሙን መስመር ነው፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ አደገኛ፣ ሰማያዊ ጥንቃቄ የሚሻ፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ አደጋ ያለው። አረንጓዴም ቢሆን በእጅ አይበጠበጥም።

በርጭት ትምህርት ላይ ጊዜ የሚወሰድበት ክፍል መበጥበጡ ነው። ያልቀጠነው ኬሚካል የሚነካው ያኔ ነውና። ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ረጅም እጅጌና የዓይን መከላከያ ከመበጥበጥ በፊት ይለበሳል። የጨርቅ መጠቅለያ አፍንጫ ላይ መጠምጠም አቧራን ይቀንሳል እንጂ የኬሚካል ትነትን አያግድም፤ እርጥብ ከሆነም ኬሚካሉን ቆዳ ላይ ያቆየዋል። ነፋስ ከጀርባ መሆን አለበት። ከነፋሱ በታች አራሚ ካለ ርጭቱ ይቆማል። የተረጨ ማሳ ላይ በመለያው የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ አይገባም፤ መለያው ካልተነበበ ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል። ረጪው በሳሙና ታጥቦ ልብስ ሳይቀይር አይበላም፣ አያጨስም፣ አይተኛም።

ባዶ የኬሚካል ጄሪካን በቆላ ዋጋ ስላለው ለውኃ ይወሰዳል። ታጥቦ አይጠራም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ከተመለሰ በኋላ ወዲያው መበሳት አለበት፤ ያልተበሳ ጄሪካን ማታ ካምፕ ውስጥ ይገኛል። ለዚህም ሲባል ባለእርሻው ንጹሕ ጄሪካን በበቂ ማቅረብ አለበት፤ እጥረቱ ሳይወገድ ክልከላው አይሠራም። በኬሚካል የታሸ ባለቀለም ዘርም ለምግብ አይፈጭም።

ማሽላ ማፍራት ሲጀምር የግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ መንጋው በሚያድርበት ቦታ ከአውሮፕላን ፌንታዮን ይረጫል። የወደቀውን ወፍ ሰብስቦ መብላት መርዙን መብላት ነው። ይህ ለሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ላሉ ልጆችም ይነገር። ለመጋዘን ነቀዝ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ደግሞ እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ መድኃኒትም የለውም። ክኒን የተደረገበት መጋዘን ውስጥም ሆነ ጥግ ላይ ማንም አይተኛም።

ምራቅ የበዛበት፣ የሚያልበው፣ ዓይኑ የሚያነባ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ፣ የሚያስመልሰውና ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ሰው በመርዝ ተመርዟል። ልብሱ ወልቆ ገላው በብዙ ውኃና ሳሙና ይታጠባል። ወተት መርዙን አያረክስም፤ ማስመለስም አይደረግም። የኬሚካሉ ዕቃ ወይም መለያው ከሰውየው ጋር ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ሐኪሙ አትሮፒን ይሰጥ ወይስ ሌላ የሚወስነው በዚያ ነው።

ሌሊት፦ ካላዛርና ወባ

በዚህ ቆላ የሚሰጥ የደኅንነት ትምህርት ሁሉ ክብደቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይህ ነው። ካላዛር ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ ገዳሪፍና የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ደግሞ በዓለም ከታወቁ መናኸሪያዎቹ ውስጥ ናቸው። በሑመራ የንግድ እርሻ ከተስፋፋበት ጊዜ ጀምሮ ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች በብዛት ተይዘውበታል።

በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። በዋልካ አፈር ንቃቃት ውስጥ፣ በግራር (በተለይ በዋጩ) እና ሱዳኖች ሂግሊግ በሚሉት ዛፍ ሥር ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ከጀምበር መጥለቅ እስከ ንጋት ነው። ቀን ጥላ የሰጠ ግራር ማታ የመኝታ ቦታ መሆን የለበትም። በሑመራ በተደረገ ጥናት ከግራር ሥር ያደሩ ሠራተኞች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው የላቀ ሲሆን፣ አጎበር የተጠቀሙት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ካምፑ ከዛፎቹ ርቆ፣ ንቃቃት በሌለበት፣ በተጠረገ መሬት ላይ ይተከላል።

አጎበር መስጠት ብቻ አይበቃም፤ ቤት የሌለው ሰው የሚሰቅልበት የለውምና። ትምህርቱ በተግባር ይሁን፦ አራት እንጨት መሬት ላይ ይተከላል፣ ጫፎቹ በገመድ ይያያዛሉ፣ አጎበሩ ይወጠራል፣ ግርጌው ከመኝታው ሥር ይገባል። የአሸዋ ዝንብ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ስለምትችል በኬሚካል የተነከረው ይመረጣል። ሱዳኖች አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ከተገኘ ከመሬት ከፍ ስለሚያደርግ ከእባብና ከጊንጥም ይጠብቃል። በጨረቃ የሚያጭድ ወይም ክምር የሚጠብቅ ሰው አጎበር ውስጥ አይደለምና ረጅም ልብስ ይለብሳል፣ ባለው የገላ መከላከያ ቅባት ይጠቀማል።

የወባ ትኩሳት ከተነከሱ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመጣል። ካላዛር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የወባ መድኃኒት ካልመለሰው፣ ሰውየው ከከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ ካላዛር መጠርጠር አለበት። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም ይጀምራል። በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ሕክምና የ17 ቀን መርፌ ስለሆነ ሠራተኛው ለዚያ ያህል ጊዜ መተኛት እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው ላይ በሽታው ይጠነክራል፣ ሕክምናውም ይረዝማል፣ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የኮንዶምና የምርመራ ነገር የዚሁ ትምህርት አካል ነው።

የአጨዳና የውቂያ ጊዜ

የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ ሂላ ተብሎ ይቆማል፤ እባብ የሚገባው እዚያ ሥር ነው። ነዶ ከመነሣቱ በፊት በረጅም እንጨት ይነካል፤ እጅ ወደማይታይበት አይሰደድም። ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አይኬድም። የተነደፈ ሰው አይሮጥም፤ እግሩ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ይወሰዳል። በገመድ ማነቅ፣ በምላጭ መተልተል፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ እግር ያሳጣሉ፤ ሰዓትም ያባክናሉ። በአካባቢው ያለው እፉኝት መርዙ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ሰውየው ደኅና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ቢቀልም ጉዞው አይቀርም።

የማጭድ ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰራል፤ ቡና፣ አመድ ወይም ቤንዚን አይደረግበትም።

በገዳሪፍ የተቆረጠ የማሽላ ራስ ብዙ ጊዜ በቆመ ኮምባይነር ውስጥ በእጅ ይጨመራል። ጋቢ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ፎጣና ሰፊ ጀላቢያ ማሽኑ ስቦ የሚያስገባቸው ናቸው፤ መጋቢዎች ጠባብ ልብስ ይለብሳሉ። የታነቀ ማሽን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ በሚያጸዳው ሰው ኪስ ገብቶ ካልሆነ አይጸዳም። ትራክተሩ ላይ የሚሽከረከረው ዘንግ መሸፈኛ ከሌለው ሥራው አይጀመር፤ ይህን ለማለት ሥልጣን ያለው ካቦው ስለሆነ ትምህርቱ ለእርሱ በጥብቅ ይሰጣል።

የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ

ክረምት ላይ ዋልካው ጭቃ ሆኖ መኪና አያልፍም፤ ከብዙ ካምፖች ወደ ሕክምና የሚወስደው ትራክተር ብቻ ነው። ስለዚህ የትኛው ትራክተር፣ ነዳጁ የት እንዳለ፣ ሌሊት ማን እንደሚነዳ በሰኔ ይወሰናል። በየወቅቱ መጀመሪያ የትኛው ጤና ተቋም ክፍት እንደሆነ፣ የእባብ መድኃኒትና የካላዛር ሕክምና የት እንዳለ ደውሎ ማረጋገጥ ያሻል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በኋላ ያለፈው ዓመት መረጃ አያስተማምንም። በገዳሪፍ የታባረክ አላህና የዶካ ሆስፒታሎች፣ በኢትዮጵያ በኩል የመተማ፣ የአብደራፊ፣ የሑመራና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከላት በካላዛር ሕክምና የታወቁ ናቸው። ዕቅዱ በቃል ከተነገረ በኋላ አንድ ቀን ይለመዳል፦ አንድ ሰው እንደታመመ ሆኖ ይተኛል፣ በሁለት እንጨትና በሁለት ጆንያ ቃሬዛ ይሠራል፣ እስከ ትራክተሩ ይወሰዳል፣ ሰዓቱ ይያዛል።

የመመለሻው ትምህርትና መዝገቡ

ሥራው ሲያልቅ ትምህርቱ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 በደጋው ሊቦ ከምከም የተነሣው ካላዛር መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ተብሎ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የታወቀው፤ ወደ ደጋው የገባውም ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደሆነ ይታመናል። በመሆኑም በኅዳርና በጥር፣ ሒሳብ በሚከፈልበት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራበት ቦታና ወር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ትሰጠዋለች፤ ስሙ ሳይጠየቅ እርሱ ራሱ የሚይዛት። እስከ ሐምሌ ድረስ ትኩሳት ከያዘው ካርዷን ለጤና ባለሙያው ማሳየትና ቆላ ነበርኩ ማለት አለበት። የደጋ ጤና ጣቢያዎችም ትኩሳት ያለበትን ሰው በዚህ ዓመት ወደ ሑመራ፣ መተማ ወይም ገዳሪፍ ወርደሃል ወይ ብለው እንዲጠይቁ በየወረዳው ይነገራቸዋል።

በካምፑ የሚያዝ መዝገብ አራት ነገር ብቻ ይኑረው፦ ቀኑ፣ የደረሰው ጉዳት፣ ሲደርስ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ የተደረገው ነገር። በየካቲት አስተማሪዎቹና ባለእርሻው ተቀምጠው ያነቡታል። የትምህርቱ ውጤት የሚለካው ስንት ሰው እንደተማረ በመቁጠር አይደለም፤ በማታ ካምፑን ዞሮ ስንት አጎበር እንደተወጠረ፣ በማሳው ስንት ጄሪካን ውኃ እንዳለ፣ ስንት የኬሚካል ዕቃ እንደተበሳ በማየት ነው። የጎደለው ተለይቶ ለሚቀጥለው ሰኔ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር በሚያዝያ ለባለእርሻው ይሰጣል፤ ዋጋው ከዘርና ከነዳጅ ዋጋ ጋር በአንድ በጀት እንዲገባ።